ከፈረሰኛው ይልቅ ሎሚው

የሮቢን ወንዝ ይዞ ከሸዋ ሮቢት ወጣ የሚል መንገደኛ፣ በመስኖው ዳር ያለውን ሙዝና ሎሚ የትናንት ተክል አድርጎ ይመለከተው ይሆናል። ነገሩ ግን የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1340ዎቹ ገደማ፣ በግብፅ የማምሉኮች ቤተ መንግሥት ጸሐፊ የነበረው አል ዑመሪ የይፋትን ሙዝ፣ ሎሚና ሸንኮራ አገዳ መዝግቧል። ጫትንም አልዘነጋም፤ ቅጠሉ እንደሚበላ፣ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን እንደሚቀንስ ጽፏል።

የሚደንቀው፣ ጸሐፊው ይፋትን በዓይኑ አለማየቱ ነው። ወደ ካይሮ ከመጡ ሰዎች፣ በተለይም ከሼኽ አብደላህ አል ዘይላዒ አንደበት ሰምቶ ነው። አገሩን ናፍቆ የሚያወራ ሰው ዛፉን ሳይቆጥር መቼ ያልፋል!

ይኸው መጽሐፍ የሱልጣኑን 15,000 ፈረሰኞችም ይቆጥራል። የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ፈረሰኛውን አንሥተው ሎሚውን ተዉት። ኖራን የመሰሉት የይፋት ከተሞች ዛሬ የድንጋይ ፍርስራሽ ናቸው፤ ከቆላው ቁጥቋጦ መካከል ፈልጎ ማግኘት ይጠይቃል። ሎሚው ግን ከመንገዱ ዳር ነው።