ከውጅግራ እስከ ክላሽ፦ ልጆቻችንና ጠመንጃ



በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ ቂርቆስና ስለ ካዛንቺስ ያለፈ ነገር የምታውቁትን ጻፉ ስለተባልን፣ ብዙ ሰው ሊያነሣው የማይወደውን አንድ ጉዳይ ለማንሣት ፈለግን። እርሱም የልጅና የጠመንጃ ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሣና ሰው ዕቃውን ሲያወጣ፣ ከአሮጌው ዕቃ መሐል ዝናርና ቀለህም ብቅ ይል ነበር። የልጅ ልጆቻችንም «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም።

እንደሚታወቀው አባቶቻችን ጠመንጃን ያወቁት ከጥንት ነው። ነገር ግን በኋላው የሚጎርስ ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ በብዛት የታየው በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ መቅደላ ድረስ በመጣ ጊዜ ነው። ያ ጦር የያዘው ጠመንጃ ስናድር ይባል ነበር። ከዚያም በ1868 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ግብጾችን በጉንደትና በጉራዕ ድል ሲያደርግ ብዙ ሬሚንግቶን ማረከ። ሦስተኛውና በየቤቱ የገባው ግን ውጅግራ ነው። ስሙ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ይሉታል፣ ትርጉሙም የግራ ጠመንጃ ማለት ሲሆን ግራ የሠራው መኮንን ስም ነው። የእኛ ሰው ደግሞ በአፉ አለስልሶ ውጅግራ አለው። የወጣው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1874 ነው። ፈረንሳዮች በ1886 ለበን የተባለውን ደጋግሞ የሚተኩሰውን ሲያወጡ፣ አሮጌውን በጅቡቲ በኩል ለእኛ ሸጡት። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በኢትዮጵያ ወገን የነበረው ጠመንጃ ወደ 100,000 እንደሚደርስ ይገመታል፤ ከዚያ ውስጥ ውጅግራ ቀላል ድርሻ አልነበረውም።

እንግዲህ ልጁ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ውጅግራ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ ነው። የ8 ወይም የ9 ዓመት ልጅ ጠመንጃውን አቁሞ አጠገቡ ቢቆም አፈሙዙ ከራሱ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ልጅ በመጀመሪያ ተኳሽ ሳይሆን ተሸካሚ ነበር። የአባቱን ወይም የጌታውን ጠመንጃ በትከሻው አድርጎ ከበቅሎ ኋላ ይከተላል። ማታ ይወለውላል። ቀለሁ አይጣልም፤ ይለቀምና እርሳስ ቀልጦ፣ ባሩድ ተሞልቶ እንደገና ይሠራል። ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በገበያ የሚመነዘርበት ዘመንና አገር እኮ ነበር! ታዲያ ገንዘብ የሆነን ነገር ማን በከንቱ ያባክናል?

ልጁ ከፍ ሲልና ትከሻው ሲጸና፣ ዝንጀሮና አሳማ ከሰብል እንዲያባርር ያው ውጅግራ ይሰጠዋል። አንድ ጥይት ጎርሶ ይጠብቃል። ከሳተ፣ ጢሱ እስኪገለጥ፣ ቀለሁን አውጥቶ ሌላ እስኪያጎርስ ድረስ ዝንጀሮው ገደል ገብቷል፤ ከቤት ደግሞ «ጥይቷ የት ደረሰች?» የሚል አባት ይጠብቀዋል። በዚህ ምክንያት ልጁ ከመተኮስ በፊት ማሰብን ይለምዳል። ቁመቱ አፈሙዙን አልፎ ጎልማሳ ሲሆን ደግሞ ዓይኑ ወደ ለበን፣ ወደ ምንሽርና ወደ መውዘር ይሄዳል። አምስት ጎራሽ ያገኘ ጎልማሳ ውጅግራውን ለታናሽ ወንድሙ ይለቃል። ጋቢና በርኖስ ከታላቅ ወደ ታናሽ እንደሚወርደው ማለት ነው።

ይህን ስንል ያ ዘመን ደግ ነበር ማለታችን አይደለም። አባቱ በደም የተገደለበት ልጅም ያችኑ ጠመንጃ ነበር የሚረከበው። ቁመቱ ከአፈሙዙ የሚደርስበትን ቀን ዘመድ ሁሉ ቆጥሮ ይጠብቅለታል፤ ከዚያ በኋላ ውጣና የአባትህን ደም መልስ ይባላል። እንዲህ እየተባለ ያለቀ ቤት ቁጥር የለውም። ሆኖም አንድ ነገር መካድ አይቻልም። ጠመንጃው ከልጁ ይረዝም ነበር። ልጁ ወደ ጠመንጃው ማደግ ነበረበት፤ ማደግም ጊዜ ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሽማግሌ ይገባል፣ እርቅ ይወርዳል፣ ልጁም ልብ ይገዛል።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሁለተኛ ሲመጣ፣ ከአድዋ የተረፈው አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ እንደገና ከቤት ወጣ። ማይጨው ላይ መትረየስ፣ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ባለው ጠላት ፊት ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ ይዞ የቆመ ሰው ብዙ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ልጅ የነበሩት በጫካ አደጉ። ለምሳሌ ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ በ1913 ዓ.ም. ደንዲ ነው የተወለዱት፤ ለአርበኝነት ሲወጡ 15 ዓመት ገደማ ነበሩ። «የበጋው መብረቅ» የተባሉትም በዚያ ትግል ነው። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር አልቅሶ ቀበራቸው። አርበኛው ሁሉ በአሮጌ ጠመንጃ ይጀምርና ከጠላት በማረከው አዲስ መሣሪያ ይቀጥል ነበር። አገሪቱም እንደ ልጁ ከባለ አንድ ጥይቱ ያደገችው በእሳት ውስጥ ነው ብንል አናጋንንም።

የሰፈራችንም ስም ከዚያው ዘመን የወጣ ነው። ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራ «ኢንቺስ» የሚባል መሥሪያ ቤት ነበራቸው። እርሱ የሠራቸው ቤቶች «ካዛ ኢንቺስ» ተባሉ፤ እኛ ካዛንቺስ አልነው። ከነፃነት በኋላ ውጅግራ ወደ ዘበኛ እጅ ገባ። ካፖርት የለበሰ አሮጌ ዘበኛ፣ ከራሱ የሚበልጥ ጠመንጃ ተደግፎ፣ በር ላይ ሲያንቀላፋ ያላየ የእኛ ዕድሜ ሰው የለም። እኛ ልጆች ደግሞ ከሸንበቆና ከእንጨት ጠመንጃ ሠርተን በአጥሩ ሥር እንዋጋ ነበር። «ሞተሃል!» «አልሞትኩም!» እያልን እንጨቃጨቅና፣ እራት ሲደርስ የሞተውም የገደለውም አብሮ ወደ ቤቱ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስንጽፍ እጃችን ይከብዳል። አዋጅ ቁጥር 47 በ1967 ዓ.ም. ወጥቶ ቀበሌ ተቋቋመ። በ1969 ዓ.ም. የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ታጠቁ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የቤት ለቤት ፍተሻ ተደረገ። በሌላው ወገንም በኅቡእ የታጠቁ ወጣቶች ነበሩ። ትናንት በሸንበቆ ጠመንጃ አብረው የተጫወቱ የአንድ ግቢ ልጆች፣ ዛሬ በሁለት ወገን ሆነው በእውነተኛ ጥይት ተያዩ። ከሶቪየት ኅብረት መሣሪያ በብዛት ሲገባ ደግሞ ክላሽንኮቭ መጣ። እስቲ መጠኑን እንመልከት፦ ርዝመቱ 87 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ካዝናው 30 ጥይት ይይዛል። ከውጅግራ በ40 ሳንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። ትልቁ ለውጥ ይኼ ነው። ከእንግዲህ ልጅ ወደ ጠመንጃው ማደግ አላስፈለገውም፤ ጠመንጃው ወደ ልጁ አጥሮ መጣለት። አንድ ጥይት ጎርሶ የሚያስብበት ጊዜም አብሮ ጠፋ።

እናቶቻችን ልጅን ሲለምኑም ሲያቆላምጡም «ቅበረኝ» ነው የሚሉት። የእድርም መሠረቱ ይኸው ነው፤ ልጅ ወላጁን በወግ ይቀብራል። በቀይ ሽብር ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ልጅ በመንገድ ተጥሎ እየታየ እናት እንዳታለቅስ ተከለከለች። ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀ ወላጅም ነበረ። ድንኳን ያልተጣለለት፣ ጥሩምባ ያልተነፋለት፣ አፈር ያልለበሰ ስንቱ ነው! የዕድር ሥራ የቆመበት እንዲህ ያለ ጊዜ እኛ አላየንም። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ላይ፣ በእኛው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሲከፈት፣ ብዙ ወላጅ ያልተቀበረ ልጁን ያለቀሰው እዚያ ግድግዳ ላይ ባለው ፎቶግራፍ ፊት ነው።

ነገሩ በዚያም አላበቃም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ሕጉ ከ18 ዓመት ጀምሮ ቢልም አፈሳው ዕድሜ አይጠይቅም ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ የተበተነ ወታደር ክላሹን በርካሽ ሲሸጥ ከተማው አይቷል። በዚያው ዓመት አገራችን የዓለም አቀፉን የሕፃናት መብት ስምምነት ተቀበለች። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጥቷል። ሕግ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ልጅን በመጀመሪያ የሚያሳድገው ቤት ነው።

ስለዚህ ለአባላት የምንለው አጭር ነው። ዛሬ የልጅ ልጆቻችን ሸንበቆ አይቆርጡም፤ በስልክ ላይ ይተኩሳሉ፣ ጥይታቸውም አያልቅም። እርሱን ብቻ በመቆጣት አንመልሳቸውም። ይልቅ ቀለሁን እጃቸው ላይ አድርገን ታሪኩን እንንገራቸው። የአድዋውን ስንነግር የ1969ኙንም አንደብቅ። አንደኛውን ብቻ የሰማ ልጅ ጠመንጃ ክብር ብቻ ይመስለዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። አሁን ሰፈራችን ፈርሶ በየአቅጣጫው ብንበተንም እድራችን አልፈረሰም፤ ለቅሶ ላይ እንገናኛለን። የምንገናኝበት ለቅሶ በዕድሜ የጠገቡ ሰዎች፣ ልጆቻቸው የቀበሯቸው ለቅሶ ያድርግልን።

ቸር ይግጠመን።