የሕፃናት ሞት መቀነስና የዕድሜ መርዘም በአሜሪካ



በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በ1900 ዓ.ም. (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለተወለደ ሰው የሚገመተው አማካይ ዕድሜ 47 ዓመት ያህል ነበር። በ2023 ግን ከ78 ዓመት አልፏል።

ይህን የሰማ ሰው፣ የዚያ ዘመን አሜሪካዊ ሁሉ በ47 ዓመቱ አርጅቶ የሚሞት ይመስለው ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከሁለት ወንድማማቾች አንደኛው ጡት ሳይጥል ቢሞትና ሁለተኛው 80 ዓመት ቢኖር፣ አማካይ ዕድሜያቸው 40 ይሆናል። ያንንም አማካይ ከሁሉ ይልቅ ዝቅ ያደረገው የሕፃናት ማለቅ ነበር። በ1915 መዝገብ በተያዘባቸው ግዛቶች ከ1000 ሕፃናት 100 ያህሉ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር።

ከእነዚህም ብዙዎችን ይገድል የነበረው በቆሸሸ ወተትና ውሃ የሚመጣው የበጋ ተቅማጥ ነበር። ስለዚህም ናታን ስትራውስ የተባለው ነጋዴ በ1893 በኒው ዮርክ ከተማ በሙቀት ከጀርም የጸዳ ወተት ለድሆች እናቶች የሚታደልበት ጣቢያ ከፈተ። በ1908 የጀርሲ ሲቲ የመጠጥ ውሃ በክሎሪን መጣራት ጀመረ። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ በዶክተር ጆሴፊን ቤከር የሚመራ የሕፃናት ጤና ቢሮ ተቋቁሞ፣ ነርሶች በየቤቱ እየዞሩ እናቶችን ያስተምሩ ጀመር። ፔኒሲሊን በሕዝብ እጅ ከመግባቱ አስቀድሞ በ1940 የሕፃናቱ ሞት ከ1000 ወደ 47 ወርዶ ነበር።

ይሁን እንጂ ስንት እንደተወለደ ያልታወቀበት አገር፣ ስንት እንደሞተበት ከቶ ሊያውቅ አይችልም። በ1912 የተቋቋመውና በወይዘሪት ጁሊያ ላትሮፕ የተመራው የፌዴራል የሕፃናት ቢሮ የልደት መዝገብ በየግዛቱ እንዲያዝ አጥብቆ ደከመ። ቢሮው በ1913 በጆንስታውን ከተማ የልደት መዝገቡን ተከትሎ ቤት ለቤት ባደረገው ምርመራ፣ የአባት ደመወዝ እያነሰ በሄደ መጠን የሕፃናት ሞት እንደሚበዛ ተረጋገጠ። በ1915 በአሥር ግዛቶችና በዋሺንግተን ከተማ የተጀመረው አገር አቀፍ የልደት መዝገብ በ1933 ሁሉንም ግዛቶች አዳረሰ።

በ2022 ከ1000 ሕፃናት የሞቱት ከ6 ያነሱ ናቸው። ነገር ግን የጥቁሮች ሕፃናት ሞት ከነጮቹ ከእጥፍ በላይ ነበር። አማካዩ የሸሸገውን ይህን ልዩነት የገለጠው ያው መዝገብ ነው።

እንግዲህ ሐኪሙና የውሃ መሐንዲሱ በሚመሰገኑበት ስፍራ፣ የአንዱን ድሃ ልጅ ስም ሳያጓድል በመዝገብ ያሰፈረው ጸሐፊም ሊታወስ ይገባል።