ቦታውን የሚቀያይር ስህተት

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ የዛሬው ትረካ ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ ፍሬ ራም ነው።

ሰውየው ሊነስ ቶርቫልድስ ይባላል። የተወለደው ፊንላንድ፣ ሄልሲንኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ሊኑክስን፣ ከርነል የሚባለውን የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ መጻፍ ጀመረ። ብዙዎቻችሁ በኪሳችሁ የያዛችሁት አንድሮይድ ስልክ የሚሠራው እሱ በጀመረው ከርነል ነው። አሁን ኑሮው አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ነው።

ዓለም በኮቪድ በሯን ዘግታ በተቀመጠችበት በ2020 ሊነስ አዲስ ማሽን ገጠመ። 15 ዓመት ያህል ከኢንቴል ሳይወጣ ኖሮ ወደ ኤኤምዲ ዞረና 32 ኮር ያለውን ስሬድሪፐር ፕሮሰሰር ተከለበት። ከርነሉን ከዳር እስከ ዳር ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ኮዱን ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም መለወጥ፣ ከቀድሞው በሦስት እጥፍ ፈጠነለት። ደስ አለው። አንድ ነገር ብቻ እንዳሰበው አልሆነለትም። የፈለገው ኢሲሲ የሚባለውን፣ ስህተቱን ራሱ የሚያርመውን ራም ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን በደህና ዋጋ አልተገኘም። ተራውን ራም ሰካ፤ ሥራ በሥራ ላይ ሲደራረብ መቀየሩም በዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝና ራም ውስጥ ምን እንዳለ ልንገራችሁ፤ ይህ ሳይገባን የቀረው ታሪክ አይገባንም። ነገሩ የተጀመረው የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ በ1966 ባሰበው፣ በ1968 ፓተንት ባገኘበት ሐሳብ ነው። አንድ ቢት ለመያዝ አንድ ትራንዚስተርና አንድ ካፓሲተር ይበቃሉ። ካፓሲተሩ ሙሉ ከሆነ 1፣ ባዶ ከሆነ 0 ነው። ታዲያ ይህ ካፓሲተር እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ያፈሳል። ስለዚህ በተለመደው ራም ውስጥ እያንዳንዱ ቢት በ64 ሚሊሰከንድ ጊዜ ውስጥ ተነብቦ እንደገና ይሞላል፤ ኮምፒውተሩ እስካልጠፋ ድረስ ይህ አያቋርጥም። 64 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ከ549 ቢሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ካፓሲተሮች አሉት። ከእነዚህ አንዱ የመሙያ ጊዜው ሳይደርስ ፈሶ ካለቀ 1 የነበረው 0 ሆነ ማለት ነው። በተራ ራም ላይ ይህን የሚያውቅ የለም፤ ማሽኑ የተሳሳተውን ቁጥር እንደ እውነት ተቀብሎ ሥራውን ይቀጥላል።

ኢሲሲ ለየ64 ቢቱ 8 ተጨማሪ ቢት ይይዛል። በነዚያ እያመሳከረ አንድ ቢት ቢዛነፍ ያቃናል፤ ሁለት ቢዛነፉ ያስጠነቅቃል። የዲዲአር4 ራም በእጃችሁ ይዛችሁ በአንዱ ጎኑ የተደረደሩትን ጥቁር ቺፖች ብትቆጥሩ፣ በተራው ላይ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሲሆኑ በኢሲሲው ላይ 9 ናቸው። ልዩነቱ ይቺው አንድ ቺፕ ናት። ይህች ቺፕ ለሰርቨር ተገቢ፣ ለቤት ኮምፒውተር ቅንጦት ተደርጋ መቆጠሯ ለእኔ ከጅምሩ ስህተት ነው፤ የሰው የመመረቂያ ጽሑፍና የልጆቹ ፎቶ የተቀመጠው በቤቱ ኮምፒውተር ላይ ነውና። ሊነስም በጃንዋሪ 2021 ይህንኑ በቁጣ ተናግሮ ኢንቴልን በስም ጠርቶ ወቅሷል። ያን ሲናገር ግን የራሱ ማሽን በተራ ራም እየሠራ ነበር።

ሁለት ዓመት ተኩል ማሽኑ ኮሽታ ሳያሰማ ሠራ። ኦክቶበር 2022 ደረሰ። ሊኑክስ 6.0 በወሩ 2ኛ ቀን ወጣ፤ ወዲያው ለቀጣዩ ለ6.1 አዲስ ኮድ የሚሰበሰብበት የሁለት ሳምንት ጊዜ ተከፈተ። በነዚህ ቀናት ከዓለም ዙሪያ የሚመጣው ሥራ ሁሉ በሊነስ እጅ ያልፋል። ይቀበላል፣ ያዋህዳል፣ ኮምፓይል ያደርጋል፣ ሌላውን ይቀበላል። በዚህ ሩጫ መሀል ኮምፓይለሩ መውደቅ ጀመረ። ሴግመንቴሽን ፎልት ይላል፤ ይቆማል።

እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ ማንን ትጠረጥራላችሁ? አሁን የገባውን አዲሱን ኮድ ነዋ! እሱም ዓይኑን የጣለው ወደዚያው ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል ያላስቸገረ ዕቃ፣ ልክ ኮዱ በሚቀያየርበት ሳምንት ይበላሻል ብሎ ማን ይገምታል?

ቀጥሎ ያደረገውን ግን ልብ በሉልኝ። ማሽኑን በድሮው ከርነል አስነሳው፤ ሲሠራበት በከረመው፣ በተመሰከረለት። ኮምፓይለሩ አሁንም ወደቀ። አዲሱ ኮድ ከክሱ ነጻ ወጣ። ያን ሌሊት ሜምቴስት86 ፕላስ የተባለውን የራም መፈተሻ ለቆበት አሳደረው፤ ጥፋተኛውም ተያዘ። ከራሞቹ አንዱ ተበላሽቷል። ኢሲሲ ራም አዘዘ፤ እስኪደርስለት በላፕቶፕ እየሠራ ቆየ። የ6.1 የመጀመሪያ መሞከሪያ በኦክቶበር 16 ወጣ፤ ሙሉው በዲሴምበር 11።

ከርነሉን ከሥሩ የሚያውቅ ሰው እንኳ መጀመሪያ ወደ ኮዱ እንዲያይ ያደረገው ምንድን ነው? የራም ስህተት አመል ነው። ፕሮግራም ሲሳሳት፣ ያንኑ ሥራ ስትደግሙለት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይወድቃል። የራም ስህተት ቦታውን ይቀያይራል። የተበላሸው ቢት ዛሬ የአንድ ፎቶ ነጥብ ይይዛል፤ ነጥቧ ቀለሟ ይዛነፋል፣ ማንም አያስተውላትም። ነገ እዚያው ላይ አድራሻ ይቀመጥበታል፤ ፕሮግራሙ አድራሻውን ተከትሎ ወደሌለ ቦታ ይሄዳል፣ ሲስተሙ ይዘጋዋል። በሌላ ቀን ደግሞ የምትገለብጡት ፋይል ያልፍበታል፤ ፋይሉ እንደተዛነፈ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፣ የምታውቁት ከወራት በኋላ ልትከፍቱት ስትሉ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ዊንዶውስ ሲወድቅ የሚያወጣው ብሉ ስክሪን ቢያንስ ራሱን ያሳያል።

ይህ ዱብ ዕዳ የጥቂት ሰዎች ዕጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኢንቴል መሐንዲሶች ራሞቻቸው ያለምክንያት ሲሳሳቱ መርምረው፣ ቺፑ በታሸገበት ሴራሚክ ውስጥ ቅንጣት ዩራኒየምና ቶሪየም አገኙ፤ ከዚያ የሚወጣው የአልፋ ጨረር ነበር ቢቱን የሚገለብጠው። በ2009 የወጣው የጉግል ሰርቨሮች ጥናት ደግሞ ከሦስት ማሽን አንዱ ገደማ በዓመት ቢያንስ አንድ የራም ስህተት እንደሚያይ አሳየ፤ ብዙውም የጨረር ሳይሆን የዕቃው የራሱ ብልሽት ነበር። ጉግል ይህን መቁጠር የቻለው ማሽኖቹ ኢሲሲ ስለነበራቸው ነው።

አሁን ወደ አገራችን ጥገና ቤቶች ልምጣ። «ኮምፒውተሬ እየጠፋ ይነሳል» ሲባል የመጀመሪያው ፍርድ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» ነው። ራሙ ታሞ ከሆነ አዲሱ ዊንዶውስ ራሱ በታመመው ራም በኩል አልፎ ስለሚጫን ገና ከመነሻው ተዛንፎ ሊቀመጥ ይችላል። ባለቤቱ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ፋይሉን አጥቶ፣ ችግሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሌላው የታወቀው ዘዴ ራሙን ነቅሎ ወርቃማውን ጥርስ በላጲስ ማሸት ነው። ይህኛው እውነት አለው፤ ጥርሱ ቆሽሾ ከሆነ ማሽኑን ያስነሳል። የተበላሸ ቢት ግን በላጲስ አይድንም።

ኮምፒውተሩን ራሳችሁ ገጥማችሁ ከሆነ ከባዮስ ጀምሩ፤ ራሙን ከመደበኛው ፍጥነት በላይ የሚያስሮጠውን፣ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን አጥፉት። የዲዲአር4 መደበኛ ደረጃ 3200 ላይ ያበቃል፤ ካርቶኑ ላይ 3600 የሚለው ኦቨርክሎክ ነው። ራሙ ቢችለው እንኳ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የሜሞሪ መቆጣጠሪያ ላይችለው ይችላል፤ አራት ራም አንድ ላይ ሲሰካ ደግሞ ይብስበታል። ኤክስኤምፒው ሲጠፋ ችግሩ አብሮ ከጠፋ ራማችሁ ደህና ሊሆን ይችላልና ዝቅ ባለው ፍጥነት ተጠቀሙበት። ካልጠፋ ሜምቴስት86 ፕላስን ፍላሽ ላይ ጫኑና ማሽኑን በፍላሹ አስነሱት፤ በነጻ ይገኛል፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ በራሱ ይሠራል። ሌሊቱን ይደር። ስህተት ሲያገኝ የራሙን አድራሻ ጠቅሶ፣ የጠበቀውንና ያገኘውን ቁጥር በቀይ ይጽፋል። አንዲት ቀይ መስመር ከታየች «ትንሽ ናት» ብላችሁ አትለፏት፤ ደህና ራም አንድም አያሳይም። ከዚያ ማሽኑን አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ራሞቹን አንድ በአንድ በአንዱ ስሎት ላይ ብቻ እየሰካችሁ ፈትሹ። ስህተቱ ከራሙ ጋር ከሄደ ራሙ ነው፤ ራሙ ቢቀያየርም ከስሎቱ ካልተነቀለ ጣጣው የማዘርቦርዱ ወይም የፕሮሰሰሩ ነው። ሌሊቱን በንጽሕና ካደረ ፊታችሁን ወደ ፓወር ሰፕላዩና ወደ ሙቀቱ አዙሩ።

ሊነስ ራሱም በ2025 መገባደጃ ሌላ ማሽን ሲገጠምለት ኢሲሲ ግድ ነው አለ። በዚያው ጊዜ፣ ዊንዶውስ ከተሰደበባቸው ብሉ ስክሪኖች ብዙዎቹ የሶፍትዌር ጥፋት ሳይሆኑ የማይታመን ሃርድዌር ውጤት እንደነበሩ ተናገረ። የሊኑክስ ባለቤት ለዊንዶውስ ሲመሰክር መስማት ክብደት አለው።

ያገለገለ ራም የምትሸጡ ወገኖቼ፣ ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ሌሊት ሜምቴስት ላይ አሳድሩት። የምትገዙም፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት «ተፈትሿል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፎርማት አድርጉልኝ ልትሉ ኮምፒውተራችሁን ይዛችሁ የወጣችሁም፣ መጀመሪያ ራሙ ይፈተሽላችሁ።