የሚያፏጨው ግራር
ቫቼሊያ ድሬፓኖሎቢየም፤ ቅርንጫፍ ከነእሾሁ

ከእሾሆቹ ሥር ያሉትን ክብ እብጠቶች ይመልከቱ። እብጠቱን የሚያወጣው ዛፉ ነው፤ ጉንዳን ባይኖርም ያወጣዋል፤ ዝግመተ ለውጥ ያጸናው ባሕርይ ነውና። ቀዳዳውን የሚበሱት ግን ጉንዳኖች ናቸው። ነፋስ ሲገባበት ያፏጫል። ግራሩ በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ዋልካ አፈር ላይ ይበቅላል፤ በኢትዮጵያም አለ።

ዛፉ ለጉንዳኖቹ በእብጠቶቹ ውስጥ ከሚሰጣቸው መኖሪያ ሌላ በቅጠሎቹ ላይ ጣፋጭ ፈሳሽ ያመነጫል። ቀጭኔ ወይም ዝሆን ሊበላው ሲመጣ ጉንዳኖቹ ግር ብለው ወጥተው ይነክሳሉ።

ሁሉም ነዋሪ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በኬንያ ላይኪፒያ አራት የጉንዳን ዝርያዎች በዚሁ ዛፍ ይሻማሉ፤ አንድን ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው አንዱ ብቻ ነው። ክሬማቶጋስተር ኒግሪሴፕስ ቅርንጫፎቹ ከጎረቤት ዛፍ ተነካክተው ጠላት እንዳያሻግሩ እንቡጦቹን ይቆርጣል፤ ዛፉም ፍሬ አልባ ይሆናል። ቴትራፖኔራ ፔንዚጊ ደግሞ ሌሎች እንዳይመኙት የፈሳሹን ምንጭ ራሱን ያጠፋል። ለተከራይ ትልቅ ድፍረት ነው!

እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በላይኪፒያ አንዳንድ ቦታዎች ትልልቅ እንስሳት እንዳይገቡ ታጠሩ። በ2008 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በአጥሩ ውስጥ ያሉት ዛፎች እብጠቱንም ፈሳሹንም ቀንሰዋል። ተከላካዩ ጉንዳን ተዳከመ፤ የጢንዚዛ እጮች በቦረቦሩት ግንድ ውስጥ የሚኖረው፣ ዛፉን እምብዛም የማይከላከለው ዝርያ ቦታውን ያዘ። ቀጭኔ ያልነካቸው ዛፎች እድገታቸው ዘገመ፤ የሚሞቱትም በዙ።