ጫካውን ለንጉሥ ብሎ የተወው ሽፍታ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 2007 ቢቢሲ «ሮቢን ሁድ» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ ሁለተኛ ምዕራፍ የሚያበቃበትን ክፍል አሳየ። በዚያ ምሽት ማሪያን ሞተች። ጋይ ኦቭ ጊዝቦርን በሰይፍ ወግቷት፣ ከኖቲንግሃም ርቃ በቅድስት ሀገር አሸዋ ላይ፣ ከሮቢን ጋር ቀለበት አድርጋ ሞተች። ብዙ ተመልካች ተቆጣ። ቁጣው ግን «የምንወዳትን ለምን ገደላችኋት» ከሚለው ብዙም አላለፈም። የክፍሉ ዋና ጥፋት ሌላ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። የኖቲንግሃም ሸሪፍና ጊዝቦርን በመስቀል ጦርነት ላይ ያለውን ንጉሥ ሪቻርድን ለመግደል ወደ አካ ይጓዛሉ፤ ማሪያንንም እስረኛ አድርገው ይወስዷታል። ሮቢንና ጓዶቹ ይከተሏቸዋል። ንጉሡ ግን በሴራ ተታሎ እነሮቢንን ከሃዲ አድርጎ ይቆጥራቸውና በረሃ ላይ ታስረው እንዲሞቱ ይፈርድባቸዋል። ከዚያ ሞት ሲተርፉ ምን ያደርጋሉ? ይህንኑ ንጉሥ ለማዳን ይሮጣሉ። ማሪያንም የቆሰለውን ንጉሥ ከልላ ጊዝቦርን ፊት ስትቆም ትወጋለች። ድራማው ይህንን ታማኝነት ብሎ ያልፈዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ የደሃ ግብር ጉዳይ ሲነገርበት የቆየ ታሪክ በአንድ ምሽት የንጉሥ አጃቢዎች ታሪክ ሆነ።

አፈ ታሪክ መለወጡ ነውር አይደለም። ሮቢን ሁድ ከመነሻውም አንድ ወጥ ታሪክ ኖሮት አያውቅም። ስለ እርሱ የሚዘፈን ዜማ መኖሩ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መጀመሪያ የሚነሳው በ1370ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ በዊልያም ላንግላንድ ረጅም ግጥም ውስጥ ነው፤ አንድ ሰነፍ ቄስ አቡነ ዘበሰማያትን በቅጡ ሳያውቅ የሮቢን ሁድን ዜማ ግን አውቃለሁ ይላል። በጥንቶቹ ዘፈኖች ውስጥ ማሪያን ራሷ የለችም። ሮቢንና ማሪዮን የሚባሉ እረኞች በ13ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ጨዋታ ላይ ነበሩ፤ እንግሊዛዊው ሽፍታ ከማሪያን ጋር የተጣመረው ዘግይቶ፣ በግንቦት በዓል ጭፈራዎች በኩል ነው። መጀመሪያ ላይ ሮቢንም ርስቱን የተነጠቀ መስፍን አልነበረም፤ ከባላባት በታች ያለ ተራ ነፃ ሰው ነበር። ማዕረጉን የሰጡት በ1598 የለንደን ቲያትር ጸሐፊዎች ናቸው። ስለዚህ «ማሪያንን መግደል ታሪክን ማበላሸት ነው» የሚለው ክስ ውሃ አያነሳም።

ንጉሡስ? በጥንታዊው ረጅም የሮቢን ሁድ ግጥም ውስጥ ያለው ንጉሥ ሪቻርድ ሳይሆን ኤድዋርድ የሚባል ነው። እርሱም ሽፍታውን ይምረውና ቤተ መንግሥት ያስገባዋል። ሮቢን ግን ከአሥራ አምስት ወር በላይ አልቻለም። ገንዘቡ አለቀ፣ ሰዎቹ ተበተኑ፣ ጫካው ናፈቀው። የአንድ ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ ወጣና ሃያ ሁለት ዓመት ሳይመለስ ቀረ። የድሮ ዘፋኞች ስለ ቤተ መንግሥት ያላቸው ግምት ይህን ያህል ነበር። ሮቢንን ከሪቻርድ ዘመን ጋር በማገናኘት የሚታወቀው በ1521 የጻፈው ስኮትላንዳዊው ጆን ሜር ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የዋልተር ስኮት «አይቫንሆ» ሐሳቡን በሕዝብ ልብ ውስጥ ተከለው። «ደጉ ንጉሥ ሲመለስ ሁሉም ይስተካከላል» የሚለው ተስፋም አብሮ ተተከለ።

እውነተኛው ሪቻርድ ከ1189 እስከ 1199 ለአሥር ዓመት ነገሠ፤ እንግሊዝ ውስጥ የቆየው ግን ተደምሮ ስድስት ወር ገደማ ብቻ ነው። ለዘመቻው ገንዘብ ለማግኘት ሹመት ሸጠ፤ ከተሸጡት መካከል የሸሪፍነት ሹመት ይገኝበታል። ሹመቱን በገንዘብ የገዛ ሰው ደግሞ ገንዘቡን የሚያስመልሰው ከማን እንደሆነ ግልጽ ነው። በዲሴምበር 1192 ከዘመቻው ሲመለስ ቪየና አጠገብ ተያዘ፤ ለማስለቀቂያም 150,000 ማርክ ብር ተጠየቀ። ይህንን ለመሙላት ካህኑም ሕዝቡም የገቢውንና የሚንቀሳቀስ ንብረቱን አንድ አራተኛ እንዲከፍል ታዘዘ፤ የቤተ ክርስቲያን የወርቅና የብር ዕቃ ሳይቀር ተሰበሰበ። ድራማው በየሳምንቱ የሚያወግዘው የግብር ጭካኔ ከሸሪፉ ክፋት ብቻ የመጣ አልነበረም። ትልቁ ሂሳብ የሚወራረደው በንጉሡ ስም ነበር።

ደራሲዎቹ የሪቻርድን ዘመን ከመረጡ አይቀር ወደ አካ መሄድ አያስፈልጋቸውም ነበር። በመጋቢት 1194 ሪቻርድ ራሱ ኖቲንግሃም ድረስ መጥቷል። ቤተ መንግሥቱን የወንድሙ የጆን ደጋፊዎች ይዘውት ስለነበር ከበባው፤ ከተያዙት አንዳንዶቹን ተከላካዮቹ እያዩ ሰቀላቸው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም እጃቸውን ሰጡ። በማግስቱ ሸርዉድ ጫካን ሊያይ ሄደ። የዘመኑ ጸሐፊ ሮጀር ኦቭ ሃውደን እንደሚለው ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም፤ በጣምም ወደደው። ጫካው የንጉሡ የአደን ቦታ ነው፤ አጋዘን የገደለ ድሃ የሚቀጣውም በንጉሡ ሕግ ነው። በዚያ ቀን ሮቢንና ማሪያን ከዛፎቹ መሐል ወጥተው ፊቱ ቢቆሙ ምን ይሉት ነበር? ለዚህ ትዕይንት መርከብም በረሃም አያስፈልግም።

ሦስተኛው ምዕራፍ በ2009 ያለ ማሪያን ቀጠለ። በመጨረሻው ክፍል ሮቢንም ተመርዞ ሞተ፤ ቢቢሲም ድራማውን አቋረጠው። የ1194ቱ ከበባ ሳይታይ ቀረ።