ድንዛዜ፦ ሪፒተር የገዛ ጆሮውን ሲያደነዝዝ

ሪፒተር የሚባለው የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ ደካማ ድምፅ ተቀብሎ በዚያው ቅጽበት አጉልቶ ያሰራጫል። ጣጣው ያለው «በዚያው ቅጽበት» ላይ ነው። በ2 ሜትር ባንድ በ145.600 ሜጋኸርትዝ እያስተላለፈ በ145.000 መስማት አለበት፤ ልዩነቱ 600 ኪሎኸርትዝ ብቻ ሲሆን አንቴናውም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። አስተላላፊው 50 ዋት ሲያወጣ፣ ሩቅ ካለ የእጅ ሬዲዮ ወደ ተቀባዩ የሚደርሰው ጉልበት ግን አንድ ዋት ለሺህ ትሪሊዮን ቢካፈል ከሚገኘው ሊያንስ ይችላል። የራሱ አስተላላፊ ተቀባዩን ያን ደካማ ሲግናል እንዳይሰማ ሲያደርገው፣ የሙያው ሰዎች «ዲሴንስ» ይሉታል።

በአማርኛ «ድንዛዜ» ብንለው ይገጥማል። የጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ የወጋው ድድ ለጊዜው አይሰማውም እንጂ አልሞተም፤ ተቀባዩም አልተበላሸም። አስተላላፊው ሲዘጋ ጆሮው ወዲያው ይመለሳል።

ሪያድ ላይ ከተተከለ ሪፒተር በደማም መንገድ እየራቀ የሚያወራ ሾፌር አለ እንበል። ከተማው ውስጥ ሳለ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ሲርቅ ይቆራረጥ ይጀምራል፤ ያውም በእኩል ምት፣ ብቅ ጥልቅ እያለ። ተቀባዩ ሲሰማው አስተላላፊው ይነሳል፤ አስተላላፊው ሲነሳ ተቀባዩ ይደነዝዛል፤ ድምፁ ሲጠፋ አስተላላፊው ይወድቃል፤ ያኔ ተቀባዩ እንደገና ይሰማል። ይህን ምት የሰማ ቴክኒሻን ግማሹን ምርመራ ጨርሷል ማለት ይቻላል።

የቀረው ግማሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። ደካማ ሲግናል እየገባ በተቀባዩ ስፒከር እያዳመጡ አስተላላፊውን መዝጋትና መክፈት ነው። ሲግናሉን የሚሸፍነው ጫጫታ አስተላላፊው ተዘግቶም ካለ ድንዛዜ አይደለም፤ ከውጭ የመጣ ነው። የማስታወቂያ ኤልኢዲ ሰሌዳ፣ ርካሽ የኃይል አዳፕተር፣ ወይም የጎረቤት አስተላላፊ ሊሆን ይችላል። ሪያድ ላይ አቧራም አለ፤ ነፋስ የነዳው ደረቅ አሸዋ አንቴናውን በኤሌክትሪክ ሙል ስለሚሞላው ተቀባዩ ላይ ይንጫጫል። አስተላላፊው ሲከፈት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከቤት ነው። ያኔ አንቴናው ይነቀልና በቦታው 50 ኦም ደሚ ሎድ፣ ማለትም ጉልበቱን ሳያሰራጭ የሚውጥ የአንቴና ምትክ፣ ይገባል። ጫጫታው በዚህ ከጠፋ ወደ ላይ መውጣት ነው፤ ዝገት የበላው ብሎን፣ የላላ ማያያዣ፣ ውኃ የገባበት ኬብል እዚያ ይጠብቃል። ካልጠፋ ችግሩ ክፍሉ ውስጥ ነው።

ክፍሉ ውስጥ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ዱፕሌክሰሩ ነው። ዱፕሌክሰር በአንድ አንቴና መላክንና መቀበልን የሚለይ ጣሳ መሳይ ማጣሪያዎች ስብስብ ነው፤ ጣሳዎቹም በሙቀት ይለጠጣሉ። የሪያድ በጋ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ፣ ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል ያለ ጣሳ በክረምት ከተስተካከለበት ፍሪኩዌንሲ ሊሸሽ ይችላል። ጥሩዎቹ ጣሳዎች የማስተካከያ ዘንጋቸው ከኢንቫር የሆነው ለዚህ ነው። ኢንቫር በሙቀት እምብዛም የማይለጠጥ የብረትና የኒኬል ቅይጥ ነው፤ ያገኘው ስዊሳዊው ሻርል ጊዮም በ1920 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልሟል። ሙቀቱ መጠነኛ በሆነባት አዲስ አበባ ግን ይህ ጭንቀት ይቀላል።

ድንዛዜው ሁለት መልክ ስላለው መድኃኒቱም አንድ አይደለም። አንደኛው፣ አስተላላፊው ከራሱ ፍሪኩዌንሲ ውጭ የሚረጨው ጫጫታ ተቀባዩ በሚሰማበት ቦታ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ይህ የሚታጠበው በአስተላላፊው በኩል ባለ ማጣሪያ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ የ50 ዋቱ ጉልበት ራሱ ተቀባዩን ሲያጨናንቀው ነው፤ ለዚህ ማጣሪያው በተቀባዩ በኩል ይጠናከራል። ነጠላ ሽፋን ያለው ርካሽ ኬብል ደግሞ ሁለቱንም ያፈሳል፤ በባለ ድርብ ሽፋን መቀየር ከርካሾቹ ጥገናዎች አንዱ ነው።

ብዙዎች ግን መጀመሪያ የሚገዙት ፕሪአምፕሊፋየር ነው። በእኔ ግምት ከዚህ የባሰ ቅድሚያ የለም። መሣሪያው ደካማውን ድምፅ ሲያጎላ ከአስተላላፊው የገባውንም አብሮ ያጎላል፤ የተጨናነቀውን ተቀባይ ይበልጥ ያጨናንቀዋል። ከመግዛት በፊት አስተላላፊው ሲከፈት የተቀባዩ የመስማት አቅም በስንት ዴሲቤል እንደሚጎድል ይለካ፤ ጉድለቱ ከ1 ዴሲቤል በታች ከሆነ ብቻ ስለ ፕሪአምፕሊፋየር ማሰብ ይቻላል።