ነሐስና ሰው

ቅርጻ ቅርጽ ተመልካቹን አሳታፊ የሚያደርግ ጥበብ መሆኑን ያወቅሁት በአዳራሽ አይደለም፤ ከውቤ በረሃ ወደ ጊዮርጊስ በወጣሁበት በአድዋ በዓል ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ተመረቀ። ሕዝቡ ጋሻና ጦር ይዞ በዙሪያው ሲፎክርና ሲሸልል፣ አደባባዩ በሞላው የሐውልቱ አካል ይሆናል።

ፋሽስት ኢጣሊያ ሐውልቱን ነቅሎ ቀበረው፤ ከነጻነት በኋላ ግን ተመለሰ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ለተገደሉት ለአቡነ ጴጥሮስ በአቅራቢያው የቆመው ሐውልትም በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሥራ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የፈረሱት መንደሮች ነዋሪዎች ግን ብዙዎቹ ወደ ሩቅ ሰፈር ሄደዋል። ነሐስ ተነቅሎ ይመለሳል፤ ነሐሱን ሕያው የሚያደርገውን ጎረቤት ማን ይመልሰዋል?